ወይዘሮ ብርቱካን ያልፈቷት ቦርሳ

ከወረታ እስከ ጋይንት ባለው መንገድ የጌጡን ስም የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ዕድሜዬን ጭነት መኪና ላይ ነው የጨረስኩት። የጉናን ዳገት ስወጣ ሞተሬ ሲያጓራ ጅብ መንገድ ይለቅልኝ ነበር። መንዳቱስ ይቅር፤ የኔ ትልቁ ዝና ማሰር ላይ ነው። እኔ ሸራ አልብሼ፣ ገመድ አዙሬ፣ በራሴ ቋጠሮ ያሰርኩት ጭነት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ሞያሌ ቢደርስ አንዲት ጆንያ አትነቃነቅም። ኬላ ላይ ፈታሾች ይታገሉና ይታገሉና፣ «ጌጡ ነው ያሰረው፣ በቃ ይለፍ» ይላሉ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው።

ዘንድሮ አይሱዙዬ የሞተር ዕቃ እየጠበቀች ግቢ ውስጥ ቆማለች። እኔም አብሬያት ቆሜያለሁ። ሥራ የፈታ ሰው አፉ ይፈታል ትላለች ባለቤቴ አበበች፤ ማንን ማለቷ እንደሆነ እንጃ።

ነገሩ የጀመረው ከአንበሳሜ ሽማግሌዎች ልጄን ኤሌኒን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ነው። ኤሌኒ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፍታ ስልክ ትጠግናለች። ሬሳ ሆኖ የመጣ ስልክ ከእጇ ቆሞ ይሄዳል። ምስጋና የሚባለው ልጅ ደግሞ የአንበሳሜ የከብት ሐኪም ነው፤ ያልተበላሸ ስልኩን እያመላለሰ ሲያስጠግን ከረመና በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ።

አበበች ጠዋቱን ሙሉ ስትለምነኝ ነበር።

«አደራህን ጌጡ፣ ዛሬ እንኳ አፍህን ሰብሰብ አድርግ። የሚሉህን ስማ፣ እንመክርበታለን በል፣ በቃ።»

«እኔ መቼ አብዝቼ አውርቼ አውቃለሁ?»

ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና ወደ ጓዳ ገባች።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ አዳነ ይባላሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ፣ ቃል በቃል እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሥርዓቱን ጠብቀው ቆመው ጠየቁ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ማወደስ ጀመሩ። ምስጋና ላሚቱ ገና ሳትታመም ዓይኗን አይቶ ያውቃል። ምስጋና የዳሰሳት ላም መንታ ትወልዳለች። ምስጋና በእግሩ ሲያልፍ ከብቱ ሁሉ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ሰማሁ፤ ሰማሁና ታገሥኩ። ኧረ እናንተ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው እንዲህ ሲያጋንን ዝም የሚል አባት፣ አባት ነው? ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈችው ነጭ ዳንቴል ላይ አረፈ።

«የኛ ልጅ ደግሞ፣» አልኩ፣ «ኪሮሽ ይዛ ከተቀመጠች ክሩ ራሱ ይታዘዝላታል። ይቺ የምታዩዋት ዳንቴል የልጅነት ሥራዋ ናት፤ ጀማሪ ሆና የሠራቻት። አሁን የምትሠራው አበባ ላይማ ንብ መጥቶ ያርፍበታል። የሠራችውን የአልጋ ልብስ ሊገዛ አንድ ፈረንጅ ከጎንደር ድረስ መጥቶ፣ አንሸጥም ብንለው አልቅሶ ተመለሰ።»

አበበች ጓዳው በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ዳንቴሏን የሠራችው ጎረቤታችን ፈንቴ ናት፤ እኛ የገዛን ነን። ኤሌኒ በሕይወቷ ኪሮሽ ነክታ አታውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ አዳነ፣ «ለእናቱ እንነግራለን» ብለው ተሰናበቱ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ አዳነ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። ፊታቸው የመጀመሪያው ቀን ፊት አልነበረም።

«የልጁ እናት ወይዘሮ ብርቱካን ቀን ለመቁረጥ ራሳቸው ይመጣሉ» አሉኝ። «ልጆቹ ከዐቢይ ጾም በፊት እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። ወይዘሮ ብርቱካን ግን ቁርጡን ከመናገራቸው በፊት አንድ ነገር ጠይቀዋል። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ የነጠላቸው ጫፍ አልቋል። ልጅቱ እንዲህ ያለች ባለሙያ ከሆነች በእጇ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ሠርታ ትስጠኝና ልያት ብለዋል።»

«ቦርሳ ብቻ?» አልኩ። «ድንኳን ቢሉም እንሠራለን።»

አቶ አዳነ ሲወጡ ኤሌኒ ከሥራ ገባች። ነገሩን ስትሰማ የመፍቻዎቿን ሻንጣ መሬት ላይ ጣለችው።

«አባዬ፣ ምን ነክቶህ ነው?»

«ምን አልኩ? ትንሽ አሳመርኩሽ።»

«እናቱ እኮ ከሽማግሌው ቀን ጀምሮ እያመነቱ ነው። ‹ይህቺን ልጅ እንጃ› ይላሉ አለኝ ምስጋና። ምን እንዳስከፋቸው ለሱም አልገባውም። አሁን ደግሞ ውሸታም ቤት ናቸው ቢባልስ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «የምወደው ሰው ነው እኮ አባዬ። ሌላ ሰው የለኝም።»

ይህች ልጅ ሕፃን ሆና ስትወድቅ እንኳ አታለቅስም ነበር።

«እና ሥሪያታ! ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ የምታጣብቂ ልጅ ክር ያቅትሻል?»

«አልሠራም። አልዋሽምም። ከጠየቁኝ እውነቱን ነው የምነግራቸው። ያወራው ሰው ይሥራ!»

በሩን በላዬ ላይ ዘግታ ገባች።

ሄጄ ዋሽቻለሁ እንዳልል፣ አንደኛ ነገር አልዋሸሁም፤ ወደፊት ሊሆን የሚችለውን ነው አስቀድሜ የተናገርኩት። ሁለተኛ ደግሞ ሽማግሌ ፊት የተናገረውን መልሶ የሚውጥ ሰው ልጁን ማን ይፈልጋል? ስለዚህ ኮቴን ደርቤ ወደ ፈንቴ ሱቅ ሄድኩ።

ፈንቴ ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ናት። እዚያ አንዲት አሮጊት ስታስታምም ከእሳቸው ኪሮሽ ተምራ መጥታ፣ አሁን ክርና የጸጉር ጌጥ ትሸጣለች።

«ጋሼ ጌጡ፣ ምን ልስጥዎት?»

«አስተምሪኝ» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«ማንን?»

«እኔን!»

ጣቶቼን አየቻቸው። «አንቱን? በዚህ ጣት?»

«ይህ ጣት የስንት መኪና ጎማ ፈትቶ ያሰረ ጣት ነው።»

«እሱንማ እያየሁት ነው» አለችና ሳቋን ለመደበቅ ወደ መደርደሪያው ዞረች።

ኪሮሽ ማለት ጫፏ እንደ መንጠቆ የቆለመመች አጭር ብረት ናት። ክሩን ጠልፎ በቀለበቱ ውስጥ ማውጣት፣ ደግሞ ጠልፎ ማውጣት፣ ነገሩ ይኸው ነው ትላለች ፈንቴ። ስታወራው ነው እንጂ! እኔ እንደ መሪ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኳት።

«ኧረ ይልቀቋት፣ አነቋት እኮ! እንደ እርሳስ ነው የምትያዘው። ክሩንም ቀለል ያድርጉት። በሬ አይደለም የሚያስሩት!»

የመጀመሪያዋን ስጨርስ ጠርዟ ተሸብሽቦ ተነሣ። ፈንቴ አገላብጣ አየቻት።

«ይቺ ቦርሳ ናት ወይስ ጥቅል ጎመን?»

«አዲስ ሞድ ነው።»

«ዙሩን እየቆጠሩ ነው መጨመር። ባገኙበት ቀዳዳ ሁሉ አይጨመርም።»

ሁለተኛዋ ደግሞ እየጠበበች፣ እየጠበበች ሄዳ ለዶሮ እንቁላል የምትሆን ባርኔጣ ሆነች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ይተወው ነበር። እኔ ግን ያቺ የተሰበረች ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበረች። ፈንቴ ራሷ ከጊዜ በኋላ፣ «ጋሼ ጌጡ፣ እንዲህ ቶሎ የያዘው ሰው አላየሁም» ብላኛለች። በርግጥ ሌላ ሰው አስተምራ እንደማታውቅም ነግራኛለች።

ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዳልሠራ የሚገባው የሚወጣው ብዙ ነው። ጌጡ ኪሮሽ ይዞ ታየ ቢባል ወሬው እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ እብናት ይደርሳል። ስለዚህ በየቀኑ አይሱዙዬ ላይ ወጥቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ መሪው ሥር ጎንበስ ብዬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን መካኒኩ ይሻው ሳያንኳኳ የጋቢናውን በር በረገደው።

«ጌጤ! ምን ትሠራለህ እዚህ ተሸጉጠህ?»

ልደብቅ አልኩ፤ ክሩ ጣቴ ላይ ተጠምጥሟል።

«የ… የማርሽ ልብስ ነው። ብርድ ነው እኮ። የማርሹ ራስ ጠዋት ጠዋት እንደ በረዶ ነው እጅ የሚቆርጠው።»

ይሻው በግማሽ ያለቀችውን ቦርሳ አነሣና ማርሹ ላይ ጣል አደረጋት። ልክክ!

«ወይ ጉድ! ጌጤ፣ አንተ እኮ የማትችለው የለም። ለኔም አንድ፣ ቀይ ይሁን» ብሎ ሄደ። ይኸው ዛሬ በደብረ ታቦር መናኸሪያ የማርሽ ልብስ የሌለው መኪና እንደሌለ ቁጠሩት። የኔ እጅ ነው።

ቦርሳዋ አለቀች። አረንጓዴ፣ አፏ ዙሪያ ቢጫ፣ በመዳፍ ውስጥ የምትገባ። እኔ ክር ሳጠብቅ ስለማልራራ እንደ ቆዳ ጠንክራለች፤ ውኃ ቢቀዱባት ጠብ አትልም። ወይዘሮ ብርቱካን በሚመጡበት ቀን ጠዋት ለአበበች ሰጠኋት። አበበች ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እንደዚያ ያየችኝ ድሮ ሙሽራ እያለን ነበር። ጓዳ ገብታ የእናቷን የብር ወለባ፣ ያቺን ለበዓል ብቻ ጸጉሯ ላይ የምትሰካትን፣ ይዛ መጣች።

«ባዶ ዕቃ ለሰው አይሰጥም» አለችና ውስጧ ከተተቻት።

ችግሩ የመጣው ይሄን ጊዜ ነው። ፈንቴ የቦርሳዋን ማሰሪያ እንደ ቢራቢሮ አስራ አሳይታኝ ነበር። ወለባዋ ግን ከባድ ናት፤ ባሰርኩ ቁጥር ቢራቢሮው እየተፈታ ትወድቃለች። ፈንቴ ደግሞ ለእናቷ ዝክር ወደ ገጠር ወጥታለች። ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ የግቢው በር ተንኳኳ። አእምሮዬ ጠፋ፣ እጄ ግን አልጠፋም። አዞረ፣ አሳለፈ፣ ጭምቅ አድርጎ ሳበ። ወለባዋ ከዚያ በኋላ አልወደቀችም።

ወይዘሮ ብርቱካን ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ዳንቴሏን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ አበበች ያቀረበችውን ሁሉ በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ተዉት። አጠገባቸው አቶ አዳነ ተቀምጠዋል። ምስጋና ጫማውን እያየ ነው። የቤቱ አየር ሊፈነዳ የደረሰ ጎማ መሰለኝ።

ኤሌኒ እናቷ አቅርቢያት ብላት ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቀረበች። «ይኸው እማማ» አለች፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ወይዘሮ ብርቱካን ገለበጧት፣ ጎተቷት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት። ፊታቸው ይብስ ጠቆረ።

«ጠንካራ ናት» አሉ። ነቀነቋት። «ውስጧ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

«ይክፈቷትና ይዩት» አለች አበበች።

ሊከፍቱ ሞከሩ። በጥፍራቸው ሞከሩ፤ በጥርሳቸው ሞከሩ። አቶ አዳነ፣ «እስቲ ወዲህ» ብለው መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉ፤ ቋጠሮው ይብስ ጠበቀ። ለምስጋና ተሰጠችው። ጥጃ በገመድ ስቦ የሚያዋልድ ጎረምሳ ላብ እስኪያጠምቀው ታገላት። ኤሌኒም ስልክ የምትፈታበትን ቀጭን መቆንጠጫ ከሻንጣዋ አውጥታ ሞከረች፤ የመቆንጠጫው ጫፍ ተጣመመ። የኬላ ፈታሾቹ ትዝ አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ኩራት ነበር፤ ያን ቀን ግን ወንበሩ ሥር በገባሁ ብዬ ተመኘሁ።

«በቃ መቀስ አምጡ» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን።

«ኧረ በማርያም!» አለች አበበች። «ገና ቀን ሳይቆረጥ ስጦታ በመቀስ ይቆረጣል?»

ወይዘሮ ብርቱካን ቦርሳዋን ወደ ኤሌኒ ዘረጓት።

«ልጄ፣ የቋጠረ እጅ መፍታት አያቅተውም። አንቺ አይደለሽ የሠራሻት? ፍቺልኝ።»

ኤሌኒ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁ። አልዋሽም ብላለች፤ የኔ ልጅ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች። በኔ ምላስ ምክንያት እሷ፣ እዚያ፣ በምትወደው ሰው ፊት ልትዋረድ ነው። ጉልበቴ ሳይጠይቀኝ ብድግ አለ።

«ለኔ ይስጡኝ» አልኩ።

አውራ ጣቴን ቋጠሮው ወገብ ላይ አሳረፍኩ፣ ጭራውን አንዴ ሳብኩት፤ ፍትት አለ። ወለባዋ መዳፌ ላይ ወደቀች። ማንም ወለባዋን አላየ፤ ሁሉም እጄን ነበር የሚያዩት።

«አንቱ ነዎት የቋጠሩት?» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን።

«እኔ ነኝ።»

«ቦርሳዋንስ?»

«እሷንም።»

በሕይወቴ እንዲህ አጭር መልስ መልሼ አላውቅም።

«እኔ ኪሮሽ ይዤ አላውቅም እማማ» አለች ኤሌኒ ቀስ ብላ። «ስልክ ነው የምጠግነው። እሱን እችላለሁ።»

«ያቺ ቴሌቪዥን ላይ ያለችውስ?»

«የጎረቤት ሥራ ናት» አለች አበበች።

«ንብ የሚያርፍበትስ? ያለቀሰው ፈረንጅስ?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ።

«ፈረንጅስ መጥቶ ነበር» አልኩ። «መንገድ ጠፍቶት።»

ወይዘሮ ብርቱካን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በቃ፣ አለቀሱ፣ ነገሩ ተበላሸ አልኩ። ምስጋና ደንግጦ፣ «እማዬ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። ነጠላው ወረድ ሲል ግን ሴትየዋ እንባቸው እስኪወርድ እየሳቁ ነው!

«እሰይ! እሰይ እመቤቴ፣ ሰማሽኝ!» አሉ። «አዳነ የነገረኝን ከሰማሁ ወዲህ እኮ እህል በአፌ አልዞረም። ንብ የሚያርፍበት አበባ የምትሠራ ምራት መጥታ የኔን ወጥ ልትቀምስ? የኔን ቤት ልታይ? እኔ ከልጅነቴ ገብስና ስንዴ ስሰፍር የኖርኩ ሴት ነኝ። የተበጠሰ ቁልፍ እንኳ ጎረቤቴ ናት የምትተክልልኝ! ትንቀኛለች፣ ልጄንም ከኔ ታርቀዋለች ብዬ ነው እንጃ ያልኩት። ቦርሳዋን ያዘዝኩት ምናልባት ውሸት ሆኖ ቢገኝ ብዬ ነው። ውሸት ከሆነ ለማርያም ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ እኮ!»

«ጥላውን ያስገቡ እንግዲህ» አሉ አቶ አዳነ፤ ቃላቸውን የሚመዝኑት ሰው ጋቢያቸው ውስጥ ገብተው ይስቁ ጀመር።

ኤሌኒ እየሳቀች አለቀሰች። ወይዘሮ ብርቱካን ስበው አቀፏትና፣ «ልጄ፣ ስልኬ የሚያወራኝ ሰው ድምፅ ከጆንያ ውስጥ ነው የሚመስለው» አሏት። ኤሌኒ እዚያው ከፍታ ጠረገችላቸው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከሽማግሌው ቀን ጀምሮ ይዤው የከረምኩትን ትንፋሽ ስለቀው፣ በደብረ ታቦር ኢየሱስ እምላለሁ፣ የመስኮቱ መጋረጃ ተወዛወዘ።

ቀኑ ከጾም በፊት ተቆረጠ። ወይዘሮ ብርቱካን ሊሄዱ ሲነሡ ቦርሳዋን አልተዉዋትም።

«አቶ ጌጡ፣ ይህን ቋጠሮ የገበያ ሌባ ይፈታዋል?»

«የገበያ ሌባ? የእስር ቤት አለቃ አይፈታውም!»

«እንግዲያው ያስተምሩኝ።»

አስተማርኳቸው። አልሆነም። ደግሜ አስተማርኳቸው። ማሰሩን ያዙት፤ መፍታቱን አልያዙትም።

ሰርጉ ዕለት ቦርሳዋ በወይዘሮ ብርቱካን መቀነት ላይ ተንጠልጥላ ነበር፤ ወለባዋ ጸጉራቸው ላይ። በሰው ብዛት ድንኳኑ ሊቀደድ ደርሷል፤ ከአንበሳሜ የመጣውን ሰው ብቻ ብትደረድሩት ወረታ ይደርሳል። አዝማሪው ፊታቸው ቆሞ ማወደስ ጀመረ። ሊሸልሙት ቦርሳዋን ያዙ። ሳቡ። ጎተቱ። አዝማሪው ግጥሙ እያለቀበት ይጠብቃል። በመጨረሻ ያ የገበያ ድምፅ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ።

«አቶ ጌጡ! የት ገቡ? ይምጡና ይፍቱልኝ!»

ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። ኤሌኒ ከሙሽራው ጎን ሆና አፏን በአበባዋ ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ኮቴን አስተካክዬ፣ ሳልቸኩል ሄድኩ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩ፣ ጭራውን ሳብኩ፣ ተፈታ። እልልታው ቀለጠ፤ ለሙሽሪት እንኳ እንዲያ አልተባለም።

ሸልመው ሲጨርሱ ቦርሳዋን ተቀብዬ፣ ከበፊቱ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላቸው።